ልባሱና ራሱ፤ ስለ ጦር ቆብ ልባስ አሰባሰብ የቀረበ ትችት

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን ወታደሮች በብረት ቆባቸው ላይ ያጠልቁት የነበረ አንድ ዐይነት ዥንጉርጉር ጨርቅ አለ። ጨርቁ በቆቡ ልክ የተሰፋ ሲሆን፤ አንደኛው ዐይነት በአንድ ፊቱ አረንጓዴ፤ በሌላው ፊቱ ቡናማ መልክ የታተመበት፤ እንደ ወቅቱም እየተገለበጠ የሚለበስ ነበር። ዛሬ በአውሮጳና በአሜሪካ ይህን ልባስ የሚሰበስቡ፤ የሚሸጡና የሚለዋወጡ፤ ስለ እርሱም ወፋፍራም መጻሕፍት የሚያሳትሙ ብዙ ሰዎች አሉ። እውነተኛ መሆኑ የታመነበት አንድ ልባስ በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣል። ይህን የመሰለ ነገር በኢትኖሎጂ መጽሔት፤ ይልቁንም በአማርኛው ክፍል፤ ምን ሊያደርግ መጣ የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። እኔም ለመጻፍ የተነሣሁት የጀርመን ጨርቅ አስጨንቆኝ ሳይሆን፤ በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፤ በጎፋ ሰፈር፤ በአንድ ቤት ውስጥ ሳላየው ስለ ቀረሁት የሌላ ቆብ ልባስ ነው። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን የውጭ አገር ሰብሳቢዎችን አሠራር መመርመር ይገባል፤ የእኛ ነጋዴዎችና አንዳንድ ቤተ መዘክሮቻችን ሳያውቁት ያንኑ አሠራር ይዘውታልና።

ወታደርን በቀለም መሸሸግ የቆየ ልማድ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት ብዙው የአውሮጳ ወታደር የሚለብሰው እንዲታይ ነበር፤ ደማቅ ቀለም ያለው ልብስ፤ የሚያብረቀርቅ ናስ፤ ላባ የተሰካበት ቆብ። የብረት ቆብ በዘመናዊ ሠራዊት ውስጥ የገባው በፈረንጅ አቈጣጠር በ1915 ፈረንሳዮች ለወታደሮቻቸው ካደሉት ወዲህ ነው። በዚያው ዓመት የፈረንሳይ ጦር ሠዓሊዎችን ሰብስቦ መድፍንና ምሽግን በቀለም የሚሸሽግ ክፍል አቋቋመ። ጀርመኖች በ1916 የራሳቸውን ቆብ አወጡ፤ በ1918ም ቆቦቹ በልዩ ልዩ ቀለም እየተከፋፈሉ እንዲቀቡ ትእዛዝ ሰጡ። ቀለሙ ከብረቱ ወደ ጨርቁ የተሻገረው ከዚያ በኋላ ነው። የጣልያን ጦር በ1929 ዥንጉርጉር የድንኳን ጨርቅ አወጣ፤ ጀርመኖችም በ1931 የተሰበረ መስተዋት የሚመስል ሥዕል ያለበትን የራሳቸውን የድንኳን ጨርቅ አስከተሉ። የናዚ ፓርቲ የግል ጦር የሆነው ኤስ ኤስ ደግሞ ኦቶ ሺክ የተባለውን የሙኒክ ፕሮፌሰር ሥራ መሠረት አድርጎ የቅጠል ጥላ የሚመስል ጨርቅ አዘጋጀ። ከዚህም ጨርቅ የተሰፋው ሸሚዝና የቆብ ልባስ በ1937 «ዶይችላንድ» በተባለው ሬጅመንት ተፈተነ፤ የወታደሩን ጕዳት በመቶ 15 ያህል ይቀንሳል ተብሎም ተገመተ። በፈረንጅ 1937 ማለት በእኛ አቈጣጠር የካቲት 12 የዋለበት 1929 ዓ.ም. መሆኑን አንባቢው ልብ ይበል፤ ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

በመጀመሪያ ሰብሳቢዎቹ የሚመሰገኑበትን መናገር ፍርድን ማቅናት ነው። እነዚህ ሰዎች ዐይን አላቸው። ጨርቁ በእጅ ታትሞ እንደ ሆነ ወይም በማኪና ተንከባሎ እንደ ሆነ ከቀለሙ ጠርዝ ይለያሉ። ልባሱን ከቆቡ ጋር የሚያይዙት የሽቦ ጥርሶች ከአሉሚኒየም ወይስ ከብረት እንደ ተሠሩ፤ ቅጠል ለመሰካት የሚያገለግሉት ትንንሽ ማንጠልጠያዎች ከ1942 ወዲህ የተጨመሩ እንደ ሆነ፤ የስፌቱ ክር የዚያ ዘመን ጥጥ ወይስ ከጦርነቱ በኋላ የመጣ ሰው ሠራሽ ክር መሆኑን ይመረምራሉ። ጨርቁን በጨለማ ቤት አግብተው በአልትራ ቫዮሌት መብራት ያዩታል፤ የኋለኛው ዘመን ክርና ሳሙና በዚያ ብርሃን ስለሚያበራ ሐሰተኛው ልባስ ራሱን ያጋልጣል። ቆቡንም እንደዚሁ ገልብጠው በውስጥ ጠርዙ ላይ የታተመውን የፋብሪካ ምልክትና የልክ ቍጥር ያነባሉ። እርግጥ ነው፤ ይህን ያስተማራቸው የእውቀት ፍቅር ብቻ ሳይሆን የመታለል ፍርሃት ነው፤ ሐሰተኛው ከእውነተኛው እጅግ ይበልጣልና። ያም ሆነ ይህ ትምህርቱ ትምህርት ነው።

እንዲህ ያለ ዐይን በእኛ ዘንድ ጥቂት ነው። የአንድን ዕቃ ታሪክ ከባለቤቱ አፍ ሰምተን ከመጻፍ በቀር ዕቃውን ራሱን መጠየቅ አለመድንም። በዐድዋ የተማረከ ነው እየተባለ የብረት ቆብ ሲታይ ዝም ብሎ የሚያልፍ ተመልካች ብዙ ነው። በዐድዋ ጦርነት በ1888 ዓ.ም. ግን የጣልያን ወታደር የብረት ቆብ አልነበረውም፤ በጨርቅ የተሸፈነ የቡሽ ቆብ ደፍቶ ነው የመጣው። ብረቱ ከዚያ ወደ ኻያ ዓመት ያህል ቆይቶ የተሠራ ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ስሕተት ለማረም ቤተ መጻሕፍት መግባት እንኳ አያስፈልግም፤ ቆቡን ገልብጦ ማየት ይበቃል። ባለቤቱ ዋሽቷል ማለትም አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው የአያቱ ቆብና የአያቱ አባት ዘመቻ በአንድ ትረካ ውስጥ ተቀላቅለው መገኘታቸው ነው፤ ይህም ራሱ ለተመራማሪ ጥሩ ነገር ነው፤ ዕቃው ከማይጨው ወደ ዐድዋ ለምን እንደ ተሻገረ መጠየቅ ስለሚቻል።

እንግዲህ ወደ ወቀሳው ልምጣ።

በሰብሳቢዎች ዘንድ ከሁሉ የበለጠ ዋጋ የሚያወጣው ልባስ ማንም ያልለበሰው ነው። ከግምጃ ቤት እንደ ወጣ የቀረ፤ ላብ ያልነካው፤ ፀሐይ ያላደበዘዘው። ይህ ለጨርቅ ነጋዴ ትክክለኛ ሚዛን ሊሆን ይችላል። ለሰው ልጅ ልማድ ተመራማሪ ግን የተገለበጠ ሚዛን ነው፤ ራስ ያልገባበት ቆብ ስለ ፋብሪካው ይናገር ይሆናል እንጂ ስለ ሰው የሚናገረው የለም። የዚህ ነገር ማስረጃ የሚሆነው ወታደሮቹ በጦር ሜዳ በእጃቸው የሰፉት ልባስ ነው። ሁሉም የጀርመን ወታደር የፋብሪካ ልባስ አልደረሰውም። ያልደረሰው ከተቀደደ ድንኳን ቈርጦ ሰፋ፤ በበረዶ ጊዜ ከነጭ አንሶላ አበጀ፤ ሌላው በቆቡ ላይ የሽቦ መረብ አሰረ፤ ወይም የስንቅ ከረጢቱን ማንገቻ በቆቡ ዙሪያ ጠምጥሞ ቅጠል ሰካበት። አንድ ሰው ሞትን ፈርቶ፤ መርፌ ይዞ፤ በዚያች ሰዓት ያገኘውን ጨርቅ ሲሰፋ የሠራው ሥራ ይህ ነው። ኢትኖሎጂ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ገበያው ግን በእጅ የተሰፋውን በጥርጣሬ ያየዋል፤ የሚያመሳክረው የፋብሪካ ልክ የለውምና ማንም ሰው ትናንት ማታ ሊሰፋው ይችላል ይላል። ልክ ነው። እውነተኛነቱን ሊያስረዳ የሚችለው ልባሱ ከማን እጅ ለማን እጅ እንዳለፈ የሚናገር ቃል ብቻ ነበር፤ ያን ቃል ደግሞ ጨርቁ መጀመሪያ በተገኘ ጊዜ የጻፈው የለም።

ሁለተኛው ወቀሳ ስለ ስም ነው። ሰብሳቢዎች የኤስ ኤስን ጨርቅ በየሥዕሉ ለይተው የባሉጥ ቅጠል፤ ዘንባባ፤ የጥላ ዛፍ እያሉ ይጠሩታል። እነዚህ ስሞች ከጦርነቱ በኋላ ሰብሳቢዎች ራሳቸው ያወጧቸው ናቸው እንጂ ጨርቁን የለበሱት ሰዎች አያውቋቸውም ነበር። ስም ማውጣት ለመለየት ይጠቅማል፤ አልቃወምም። ነገር ግን መዝገባቸውን ያነበበ ሰው በአትክልት ስፍራ የሚዘዋወር ይመስለዋል። ጨርቁ የተፈተነበት «ዶይችላንድ» ሬጅመንት ኋላ «ዳስ ራይሽ» ከተባለው የኤስ ኤስ ክፍለ ጦር ጋር ተቀላቀለ፤ የዚያው ክፍለ ጦር ሌላ ሬጅመንት በፈረንጅ አቈጣጠር በሰኔ 1944 ኦራዱር በምትባል የፈረንሳይ መንደር ከ600 የሚበልጡ ሰዎችን፤ ሴቶችንና ሕፃናትን በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዘግቶ፤ ፈጀ። በኑረምበርግ የተሰየመው ፍርድ ቤት በ1946 ኤስ ኤስን ወንጀለኛ ድርጅት ነው ብሎ ፈርዶበታል። ይህ በመዝገቡ ውስጥ የለም፤ ባሉጥና ዘንባባ አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ግልጽ የሆነ ነገር አለ፤ ስላልተነገረ ብቻ እናገረዋለሁ። የኤስ ኤስ ምልክት በብረት ቆቡ ጎን ላይ ተለጥፎ ነበር። ልባሱ ሲጠልቅ ምልክቱን ይሸፍነዋል። ዛሬ በጀርመን አገር የናዚን ምልክት በአደባባይ ማሳየት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ልባሱ ግን የቅጠል ሥዕል እንጂ ምልክት ስለሌለበት ያለ ኀፍረት ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራል። ጨርቁ ወታደሩን ከጠላት ዐይን ለመሰወር ተሠራ፤ ዛሬ ደግሞ ገዥውን ከገዛው ነገር ይሰውረዋል። ሰብሳቢዎችን ሁሉ የናዚ ወዳጆች ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ብዙዎቹ እንዳልሆኑ አምናለሁ። የማማርረው ከስፌቱ አልፎ ለመጠየቅ የማይፈቅደውን አሠራራቸውን ነው።

ለእኛም ነገሩ ሩቅ አይደለም። በፈረንጅ አቈጣጠር በመስከረም 1943 ጣልያን እጅዋን ስትሰጥ ጀርመኖች ያገኙትን የጣልያን ዥንጉርጉር ጨርቅ ወርሰው ልብስና የቆብ ልባስ ሰፉበት። ከዚህ የተነሣ በ1929 በወጣው የጣልያን ጨርቅ የተሰፋ የጀርመን ቆብ ልባስ ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ ብርቅ ሆኖ ይፈለጋል። ሲገልጹትም የጣልያን ጨርቅ፤ የጀርመን ስፌት ብለው ይጽፋሉ። የጣልያን ጨርቅ የሚለው ቃል ለአውሮጳ አንባቢ የጥጥ ዐይነት ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ይህን ጨርቅ ያወጣው ሠራዊት ስድስት ዓመት ቆይቶ አገሩን የወረረው፤ በየካቲት 1929 ዓ.ም. በዐዲስ አበባ፤ በግንቦትም በደብረ ሊባኖስ ያን ሁሉ ሰው የፈጀው ሠራዊት ነው። የጀርመኑ ወንጀል በኑረምበርግ ታይቷል። የእኛ ክስ ግን ፍርድ ቤት አልቀረበም፤ ግራዚያኒ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1950 በጣልያን ፍርድ ቤት የ19 ዓመት እስራት ሲፈረድበት እንኳ ከጀርመን ጋር ስለ ተባበረ ነው እንጂ በኢትዮጵያ ስላደረገው አልነበረም፤ እርሱንም ሳይፈጽም ተለቀቀ። ፍርድ ቤት ያልመዘገበው ነገር የሚገኘው በሰው ቃልና በሰው ቤት በቀረ ዕቃ ነው። ስለዚህ የዕቃ አሰባሰብ ጕዳይ ለእኛ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ሊሆን አይችልም።

አሁን የራሳችንን ልማድ ከዚህ ጋር ላስተያይ። የአገራችን ጦረኛ በራሱ ላይ የሚያደርገው ነገር የሚታይ ነበር። አንበሳ የገደለ ወይም በጦር ሜዳ የታወቀ ሰው ከአንበሳ ጎፈር የተሠራውን የራስ ጌጥ ይደፋል፤ ለምድ ይደርባል፤ ጋሻውም በብርና በጎፈር ያጌጠ ነው። ይህ ሁሉ ከግምጃ ቤት ለሁሉ እኩል የሚታደል አይደለም፤ አድራጎትን ተከትሎ ከጌታ እጅ የሚገኝ፤ በፉከራም የሚነገር ነው። ጌጡንና ቃሉን መለየት አይቻልም ነበር። ጎፈር የደፋ ሰው የት፤ መቼ፤ ማንን ብሎ ቢጠየቅ ሊመልስ ይገባዋል። ከዚህ ተነሥቶ ኢትዮጵያዊ መሸሸግን አያውቅም ማለት ግን ከንቱ ውዳሴ ነው፤ በአምስቱ ዓመት አርበኛው በዱርና በዋሻ እየተሸሸገ፤ እየሸመቀ ነው የተዋጋው። የሚያስደንቀው ገላውን ሲሸሽግ ራሱን አለመሸሸጉ ነው፤ ጠላት ሳይወጣ ጠጕሬን አልቈረጥም ብሎ ያሳደገው ጎፈሬ ከሩቅ የሚታይ ምልክቱ ሆነ።

የእኛ ራስ ደግሞ ራሱ የሰብሳቢ ዕቃ ሆኗል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ከወደቀች በኋላ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ዕቃ በደላንታ ሜዳ ላይ አከማችቶ ለሁለት ቀን ሐራጅ አወጣው። ከዘመቻው ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ ከገዥዎቹ ዋነኛው ነበር። ስለ ጦር ዕቃ አሰባሰብ በኢትዮጵያ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ቢኖር ከዚያ ሜዳ መጀመር አለበት። ከንጉሠ ነገሥት ቴዎድሮስ ራስ የተቈረጠ ጠጕር ደግሞ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ፤ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1959 የንጉሡን አስከሬን ከሣለው ሰው ዘመዶች ለለንደኑ የጦር ሠራዊት ቤተ መዘክር ተሰጠ፤ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ጠጕሩ የማን እንደ ሆነ፤ መቼና በማን እጅ እንደ ተወሰደ የሚናገር ቃል አብሮት ባይኖር ኖሮ የሚመልሰውም የሚቀበለውም ባልተገኘ ነበር። በመቅደላ ከተዘረፈው መካከል ስሙ ያልተጻፈ ስንት ጎፈር፤ ስንት ጋሻ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አፍሪካዊ ጌጥ ተብሎ እንደሚቀመጥ አስቡ።

አሁን ወደ ጎፋ ሰፈር። ነፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ ከሚነጋገረው የስልክ ጣቢያ ነው፤ ነፋስ የተሸከመው ቃል ማለት ነው። ዛሬ በዚህ ክፍለ ከተማ መንገድ ሲሰፋና ሰፈር ሲፈርስ ብዙ ሰው ከኖረበት ግቢ ወደ ኮንዶሚኒየም ገብቷል። ግቢ ለለቀቀ ሰው ዕቃ ይበዛበታል። ያን የሚወስደው ቆራሌው ነው፤ ቆርቆሮ ያለው እያለ ሲጮህ ቃሉ አጥሮ ስሙ የሆነው ያ ሰው። በዐዲስ አበባ ከማንኛውም ቤተ መዘክር የበለጠ ብዙ ደጃፍ የሚረግጠው፤ ብዙ ዕቃ የሚያየው ሰብሳቢ እርሱ ነው። አይናቅም። የሚገዛውን ያውቃል፤ ብረት፤ ናስ፤ ጠርሙስ፤ ጫማ ይለያል፤ የገዛውም ወደ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄዶ ሌላ ዕቃ ይሆናል።

በዚህ ሰፈር አንዲት ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ እናት አባታቸው በሸዋ ከራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ጋር ሲዋጉ የማረኩት የጣልያን የብረት ቆብ እንደ ነበራቸው ሰምቼ ሄድኩ። ቆቡ አልነበረም። ቤቱ ሲፈርስ የልጅ ልጃቸው ለቆራሌው ሸጦታል። ስለ ቆቡ ስጠይቃቸው ግን እርሳቸው ደጋግመው የሚነግሩኝ ስለ ሌላ ነገር ነበር።

«ልብሱስ፤ ልጄ? ልብሱን አይተኸዋል?»

«የምን ልብስ ነው፤ እማማ?»

«የቆቡ ልብስ ነዋ። እናቴ የሰፋችለት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አባትየው ከድል በኋላ ቆቡን በግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ሚስታቸው ደግሞ አቧራ እንዳይነካው በልኩ ከአቡጀዴ ልባስ ሰፉለት፤ ጠርዙንም በቀይ ክር ገመገሙት። ይህ ለሚያውቀው ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በአገራችን የከበረ ነገር ይለብሳል፤ ታቦት መጎናጸፊያ አለው፤ ዳዊት ማኅደር አለው፤ ቤታችን ውስጥ ያለው ሬዲዮ እንኳ ዳንቴል ይደረብለታል። የጠላት ቆብ ክብር አግኝቶ የለበሰው በዕቃነቱ ሳይሆን ስለ ማራኪው ነው። ሴትዮዋ በዚህ አላበቁም፤ የሰፈሩን የኔታ ለምነው የባላቸውን ስም፤ ቆቡ የተማረከበትን ቦታና ዓመተ ምሕረቱን በጨርቁ ላይ በቀለም አስጻፉ፤ ጽሕፈቱንም በዚያው ቀይ ክር ጠለፉት። እንግዲህ የቤተ መዘክር መግለጫ ካርድ ማለት ሌላ ምንድን ነው?

የልጅ ልጅየው ቆቡን ሲሸጥ ብረቱ እንዲታይ ልባሱን ቀደደው። የት እንደ ጣለው አያስታውስም።

ከጥቂት ወራት በኋላ በከተማው የጥንት የጦር ዕቃ ከሚሰበስብ አንድ ሰው ቤት የጣልያን የብረት ቆብ አየሁ። ካርዱ ንጹሕ ነው፤ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1933 የወጣ ዐይነት፤ የውስጥ ቆዳው ያለ፤ ሁኔታው እጅግ ጥሩ፤ በኢትዮጵያ የተገኘ ይላል። ሁኔታው እጅግ ጥሩ የሆነበትን ምክንያት ባለቤቱ አያውቅም። የውጭ አገር ሰብሳቢዎች እንዳስተማሩኝ ቆቡን ገልብጬ ጠርዙን በማጕያ መስተዋት ብመለከት፤ ጥቂት ዝገት ባለበት በኩል ሁለት የቀይ ክር ቍራጭ ተጣብቆ አገኘሁ። ያው ቆብ ነው ብዬ አልምልም፤ ቀይ ክር በአገሩ ሁሉ አለ። ነገር ግን ያ ብረት በጨርቅ ተጠብቆ የኖረ ብረት ነው። በአውሮጳ ገበያ ብዙ ሺህ የሚያወጣው ልባስ ቃል የሌለው ጨርቅ ነው፤ እዚህ ደግሞ ቃል ያለበት ልባስ ተቀዶ ተጣለና ቃል የሌለው ብረት ተገዛ። ነጋዴውም፤ የልጅ ልጁም፤ ሰብሳቢውም ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ ሦስቱም ዕቃው ብረቱ መሰላቸው።

ነገሩ በግለሰብ ሰብሳቢ ብቻ ቢቀር ባልጻፍኩም። አንዳንድ ቤተ መዘክሮቻችን የአርበኞችን ዕቃ ሲያሳዩ ጠመንጃ፤ ጐራዴ፤ የጠላት ቆብ፤ ለጋሹ እገሌ ብለው ይጽፋሉ። የለጋሹ ስም የምስጋና ቃል ነው እንጂ የዕቃው ታሪክ አይደለም። ለጋሹ ዕቃውን ሲያመጣ በምን ጠቅልሎ አመጣው? በቤቱ የት ተቀምጦ ነበር? ለማን ይታይ ነበር፤ በየትኛውስ ቀን ይወርድ ነበር? ከእንግዲህ ማን ያስታውሰዋል? ይህን የሚጠይቅ ባለመኖሩ መጠቅለያው በር ላይ ይጣላል። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኢትኖሎጂ ማኅበር ተማሪዎች በፈረንጅ አቈጣጠር ከ1950ዎቹ ጀምሮ የየአገራቸውን ልማድ ከሽማግሌዎች አፍ እየጻፉ ያሳትሙ ነበር፤ ኋላም የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በ1963 ሲቋቋም የቤተ መዘክሩ ዕቃና የቃል ጥናቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነ። ያ አሠራር የተመሠረተው ዕቃና ቃል አይለያዩም በሚል አሳብ ላይ ነበር። አሁን የተለያዩ ይመስለኛል፤ ዕቃውን የሚያውቀው ዋጋውን ይነግረናል፤ ቃሉን የሚጽፈው ዕቃውን ገልብጦ አያይም።

ምክር ብጤ ልናገር። ከፍ ወዳለው ደረጃ የደረሱ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ፍለጋ ሩቅ ከሚሄዱ ከአንድ ቆራሌው ጋር አንድ ክረምት ቢዞሩ መልካም ነው። ገንዘብ ከፍለው ዕቃውን እንዲያስቀሩ አይደለም፤ ያ ከጀመረ ሐሰተኛ ዕቃ በሳምንቱ ይደርሳል፤ የጀርመኑ ጨርቅ ገበያ ምስክር ነው። ዕቃው ከደጅ ሳይወጣ፤ ባለቤቱና ዕቃው ገና አብረው ሳሉ፤ የሚጻፈውን እንዲጽፉ ነው። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ልኩን፤ ምልክቱን፤ ክሩን እንደ ሰብሳቢ ይመርምሩ፤ ቃሉን እንደ ኢትኖሎጂ ተማሪ ይጠይቁ። የአምስቱን ዓመት ጦርነት በዐይናቸው ያዩ አርበኞች ጥቂት እንኳ ቀርተውልናል ለማለት ያስቸግራል፤ አሁን የሚገኙት በሕፃንነታቸው ቆቡ ከግድግዳ ሲወርድ ያዩ ልጆቻቸው ናቸው። እነርሱም ከሰማንያ አልፈዋል።

ወደ እኒያ እናት ተመልሼ በጨርቁ ላይ የተጠለፈው የቦታ ስም ማን እንደ ነበረ ጠየቅኋቸው። አያውቁም። አባታቸው በየዓመቱ በሚያዝያ 27 ቆቡን አውርደው ሲያስነብቡት ይሰሙ ነበር፤ ግን ልጅ ነበሩ፤ ስሙን ልብ አላሉትም። ፊደል ቈጥረው እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው።

«ጀምሬ ነበር። ሀን፤ ለን፤ ሐን ጨርሼ መ ላይ ስደርስ እናቴ ታመመችና ቀረሁ።»

«እንግዲያ ከጽሕፈቱ ያወቋት ፊደል ነበረች?»

ጥቂት አሰቡ። «መጀመሪያዋን አውቃታለሁ። መ ናት። ግን ጎኗ ላይ ቅጥያ ነገር የነበራት ይመስለኛል።»

ቅጥያ ካላት ሙገር ሊሆን ይችላል፤ ከሌላት መንዝ ወይም መርሐ ቤቴ። በማስታወሻዬ ላይ ሦስቱንም ጽፌአቸዋለሁ።